ለስልክ እጅ ማውጣት

[የተማሪዎች ማደሪያ ክፍል። ሁለት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ። ሊቁ እና ቀስታ በቅጽል ስማቸው የሚጠራሩ የክፍል ጓደኞች ናቸው። ግማሹ በስልክ፣ ግማሹ በአካል የሚሰጥ የስታቲስቲክስ ኮርስ ይማራሉ። የስልኩ ተራ አልቋል፤ ነገ መምህርቷ ክፍል ውስጥ በቃል ይጠይቃሉ፤ ያልመለሰ ኮርሱን ይደግማል። ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲው የተላከ መጠይቅ ስልካቸው ላይ ይሞላሉ።]

ሊቁ፦ «በራስ መተማመንህ ከአምስት ስንት ነው?» ነው እኮ የሚለው! ምኑ ያስጨንቃል? አምስት በለውና ተገላገል!

ቀስታ፦ ሁለት ነው የምለው። ቆይ... ሁለት ተኩል የለውም?

ሊቁ፦ አንተ ሰውዬ፣ ስልኩም ይታዘብሃል! እኔ ስድስት አጣሁ ብዬ ተናድጃለሁ።

ቀስታ፦ ነገ በቃል ነዋ። ፈራሁ።

ሊቁ፦ አንተማ ፍራ! ሐሙስ ማታ ጆሮህ ላይ ማዳመጫ ሰክተህ ስልክ ፊት እጅህን ስታወጣ አይቼሃለሁ።

ቀስታ፦ ጥያቄ ነበረኛ።

ሊቁ፦ ስልክ እኮ ነው! ለስልክ እጅ ይወጣል?

ቀስታ፦ ካላወጣሁ አይጠሩኝማ።

ሊቁ፦ [ጭንቅላቱን ይዞ] ጌታዬ፣ ከማን ጋር ነው የደባለቅከኝ! ስማ፣ እኔ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ትምህርቱን እከፍታለሁ። መምህርታችን ይጠይቃሉ፣ እመልሳለሁ፣ «ጎበዝ!» ይሉኛል። ተሳስተሃል ብለውኝ አያውቁም።

ቀስታ፦ አንድም ቀን?

ሊቁ፦ አንድም ቀን! «እርካታህስ?» ለሚለውም አምስት ሰጥቼ ልኬዋለሁ።

ቀስታ፦ እኔን ግን «ተሳስተሃል፤ እንደገና አስብ» ይሉኛል።

ሊቁ፦ ሰው ያውቃሉ!

ቀስታ፦ ጠዋት ግን... መሃል ላይ ያስላቸዋል አይደል?

ሊቁ፦ አዎ፣ ስለ አማካይ ሲያስረዱ። ውሃ ጠጥተው ይቀጥላሉ። ታዲያስ?

ቀስታ፦ እኔም ስከፍተው እዚያው ላይ ነው የሚያስላቸው። ደግሜ ስከፍተውም እዚያው። መጀመሪያ ታመው ይሆን ብዬ ተጨንቄ ነበር።

ሊቁ፦ ደግሜ ስከፍተው? መምህር እንዴት ተደርጎ ነው ተደግሞ የሚከፈተው?

ቀስታ፦ ቪዲዮ ነዋ። አምና የተቀዳ። እኔም ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

[ሊቁ ስልኩን አገላብጦ ያያል።]

ሊቁ፦ «ጎበዝ» የሚሉትስ?

ቀስታ፦ ለእኔም ይላሉ። ዝም ብልም ይላሉ። አንድ ቀን ከፍቼ ትቼው ካልሲ ሳጥብ እንኳን «ጎበዝ!» ብለውኛል።

ሊቁ፦ [አልጋው ላይ ዘፍ ይላል] እና በቀጥታ የሚያስተምሩት...

ቀስታ፦ ሐሙስ ማታ። አንተ ስቀህብኝ ኳስ ልታይ ስትወጣ። ስምህን ሲጠሩ «በጣም ጎበዝ ነው፣ ጠዋት ይማራል» እላቸዋለሁ።

ሊቁ፦ ምን አሉህ?

ቀስታ፦ ሳቁ። ለምን እንደሳቁ ግን አልገባኝም ነበር።

ሊቁ፦ መጠይቁን... ማስተካከል ይቻላል?

ቀስታ፦ ልከኸዋል።

ሊቁ፦ አለቀልኝ! እናቴ ልጅሽ ኮርስ ደገመ ብትባል ምን ልትሆን ነው? ወንድሜ፣ በእውነት ፈራሁ። እባክህ አንተ መምህርቷን ሁንና ጠይቀኝ።

ቀስታ፦ [ወንበር ስቦ ይቀመጣል] እሺ። አማካይ ምንድን ነው?

ሊቁ፦ አማካይማ፣ መሃል ላይ ያለው ቁጥር...

ቀስታ፦ ቆይ ቆይ። መጀመሪያ እጅህን አውጣ።

[ሊቁ በሩን አየት አድርጎ ቀስ ብሎ እጁን ያወጣል።]

ቀስታ፦ ጎበዝ! አሁን፣ ተሳስተሃል፤ እንደገና አስብ።