ዜና አባይነህ ዘኦሮራ፣ በእንተ ቦይለር

ጆሮ ያለህ ስማ፤ ጆሮህን በሻርፕ የጠቀለልህም ፈታ አድርገህ ስማ! በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ መንግሥተ ሞርጌጅ በኦሮራ ላይ በጸናችበት፣ ብሮንኮስ በየእሑዱ ድል በሚያደርግበትና ምእመናን ከቅዳሴ እንደወጡ መጀመሪያ ውጤት በሚጠይቁበት ወራት፣ በአቶ አባይነህ ቤዝመንት ውስጥ ቤቱን የሚያሞቀው ቦይለር ሞተ።

ዝንቱ ውእቱ ዜናሁ ለአባይነህ፣ ንጉሠ ሻትል፣ ከኤርፖርት እስከ ሊትልተን ያለውን መንገድ በቫን ያስገበሩ፣ በበረዶ ላይ የማይንሸራተቱ፣ ቢንሸራተቱም ሆን ብዬ ነው የሚሉ። ቦይለሩም ከቤቱ ጋር የተወለደ፣ የቤቱ ጌቶች ሲቀያየሩ ከዙፋኑ ያልተነቃነቀ ሽማግሌ ነበርና፣ ጌታው እንደ ጦር ፈረስ ስም አውጥተውለት «አባ ጉርምርም» ይሉት ነበር። ሲያነጥስ በዩቲዩብ አከሙት፤ ሲያለቅስ በቴፕ ጠቀለሉት፤ ሲቆጣም በጫማ ጫፍ መከሩት።

ወእምዝ ኅዳር ሊያልቅ ሲል በጣሪያ ላይ ያለው ነጭ ነጋሪት፣ የመርዝ ጋዝ ጠቋሚው፣ ማንም ሳይነካው ራሱን ጎሰመ። የተጠራው ባለሙያ መጥቶ አባ ጉርምርም መርዝ እየተፋ መሆኑን አይቶ ጋዙን ዘጋ፤ በአንገቱም ላይ ቀይ ወረቀት አሰረ። የአዲሱም ዋጋ ሲነገር ደህና ካምሪ ከነጎማው የሚገዛ ሆኖ ተገኘ።

ወኮነ ዐቢይ ቁር። በሳሎን የከተተውም ሠራዊት ይህ ነበር፦ በቀኝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ብዙዬ፣ ከነርሲንግ ሆም ሥራቸው እንደተመለሱ ካፖርት ሳያወልቁ፤ በግራ ልጃቸው ሮሆቦት፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ለስልኳ ሁለት ጣት ብቻ አስቀርታ፤ በመሃል የወይዘሮ ብዙዬ እናት እማማ አረጋሽ፣ ሳል የጀመራቸው፤ ከኋላም ከጎረቤት የተዋሱት ትንሽ ሂተር፣ ማይክሮዌቭ በተከፈተ ቁጥር ቤቱን ሁሉ አጨልሞ የሚከዳ።

ከዚህም ጉባኤ ተራ በተራ አዋጅ ወጣ። ወይዘሮ ብዙዬ «አባይነህ፣ እናቴ ማሳል ጀምራለች፤ ማሞቂያ የሚቀይር የእርዳታ ቢሮ እንዳለ ሥራ ቦታ ነግረውኛል፤ ዛሬውኑ ደውል» ብለው አወጁ። ሮሆቦትም «ዳዲ፣ ላይክ፣ ሻምፑው እንኳን ፍሪዝ አድርጓል» ብላ አወጀች። እማማ አረጋሽም ጋቢያቸውን ሰብስበው «ገብርኤል በባቢሎን እሳቱን እንዳቀዘቀዘ አውቃለሁ፤ የዚህን ቤት ማን እንዳቀዘቀዘው ግን የሚነግረኝ ይውጣ» አሉ።

አባይነህ ግን «እርዳታ» የምትል ቃል ስትጠራ ፊታቸው ይዘጋ ነበር። በወጣትነታቸው በሱዳን በረሃ በስደተኞች መጠለያ፣ ጣሳ ይዘው ለስንዴ ተሰልፈው ነበርና፤ ሰፋሪውም ጣሳቸውን አይቶ ፊታቸውን ሳያይ ሰፍሮላቸው አልፎ ነበር። በዚያች ዕለት «ከእንግዲህ ለእርዳታ አልሰለፍም» ብለው ማሉ። መሐላውንም በየድግሱ ያነሱታል። ይህም አልበቃ ብሏቸው፣ የሰፈራቸው ልጅ ባሕሩ አንድ ክረምት ለጋዝ ቢል ድጋፍ ማግኘቱን በሰሙ ጊዜ፣ በሰው ፊት «ተረጂው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!» ብለው ስም አወጡለት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባሕሩም ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከሳህኑ አላነሳም። ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣብቆበት ቀረ።

አሁንም የታኅሣሥ ገብርኤል ዝክር በእሳቸው ቤት ነውና ቀኑ እየቀረበ፣ ባሕሩን ጨምሮ ማኅበሩ ሁሉ መጥቶ በዚያ ብርድ ሊቀመጥ ሆነ። አባይነህ ግን ማልጃለሁ ብለው ጸኑ። አንድ ማለዳ ታዲያ እማማ አረጋሽ ሲጸልዩ ከአፋቸው ጉም ሲወጣ አዩ፤ «ለአባይነህም ዕድሜ ስጥልኝ» ሲሉ ሳላቸው ያቋርጣቸዋል፣ ደግሞ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ መሐላው ቀለጠ። በቤቱ ውስጥ በዚያ ሰሞን የቀለጠ ነገር እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዘመቻ ወጡ። ኦሮራ ውስጥ ቢሮ ነበረ፤ ግን እዚያ ሐበሻ ያየኛል ብለው ወደ ዳውንታውን ዴንቨር ተጓዙ። የብሮንኮስ ቆብ እስከ ቅንድባቸው፣ ሻርፕ እስከ አፍንጫቸው፣ በመካከልም የሮሆቦትን ሮዝ መነጽር አጥልቀው፣ ማንነታቸውን ከሰማይ በታች ካለ ፍጡር ሁሉ ሰወሩ። ኦ ምክር የጎደለው ዘመቻ! በዳውንታውን ዴንቨር በወገን እጅ ያልሆነ የፓርኪንግ በር የት አለ? ቫኑ በሩ ላይ ሲደርስ የቲኬቱ መስኮት ተከፈተና ከውስጥ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጣ፦

«ጋሼ አባይነህ! መነጽሩ የሮሆቦት ነው እንዴ?»

ባሕሩ ነበር።

አባይነህ «ለጉዳይ ነው» ብለው አወጁ። ባሕሩም ፎቁን አየ፣ ሻርፑን አየ፣ ነገሩ ገባው። «የማሞቂያው ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የጋዝ ቢል ይዘዋል? እኔን ያለሱ መልሰውኝ ነበር። ካልያዙ እዚሁ ከስልክዎ እናውጣው፤ የእኛ ፕሪንተር ይሠራል» አለ። አባይነህ «ተረጂ» የምትለውን ቃል ጠበቁ። ወረቀቱ ሲታተም ጠበቁ፤ በሩ ሲከፈት ጠበቁ። ቃሏ አልመጣችም። ብትመጣ ይሻላቸው ነበር።

ወደ ላይም ወጥተው ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ መነጽሩን እንዲያወልቁ በትሕትና ለመነች፤ ፊታቸውን አየች፤ ስማቸውም እንዴት እንደሚነበብ ጠይቃ እስኪቀናት ደጋገመችው። አባይነህም «እንደዚያ ነው፣ በትክክል» አሏት፤ አልነበረም።

ጥያቄያቸውም ተፈቀደ። ከገብርኤል በፊት አዲሱ ቦይለር መጣ፤ ሻንጣ የሚያህል፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ድምፅ የሌለው፤ ጌታው ዝምታውን አላምን ብለው ጆሯቸውን ይለጥፉበት ነበር። አባ ጉርምርም በወንዶች ሸክም ሲወጣ ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ።

ወበይእቲ ዕለት፣ በገብርኤል፣ ማኅበሩ መጣ። ካፖርት ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራብ ወለቀ፤ እማማ አረጋሽም ከጋቢያቸው ወጡ። ሽሮው እየተንተከተከ ሳለ ባሕሩ በመጨረሻ ገባ፤ ቤቱም እንደለመደው «ተረጂው መጣ!» አለ።

አባይነህ ከራዲያተሩ አጠገብ ካለው ከገዛ ወንበራቸው ተነሡ። «ይህ ሰው ስም አለው። ባሕሩ ይባላል» ብለው አወጁ፤ ወንበራቸውንም ሰጡት። ሁሉም ወደ ባሕሩ ዞሩ፤ እሱ ግን እንጀራውን እየቆረሰ «እኔን ምን አገባኝ፤ ሥራዬ መኪና ማስገባት ነው» አለ።

ክብር ለአባይነህ፣ መዋዔ ቁር፣ ፈታሔ መሐላ፣ ለአማታቸው ሙቀትን ላወረዱ፣ ቆመው ለበሉ! ዝናቸው ከኦሮራ እስከ ቶርንተን ይሰማ!

እማማ አረጋሽ ግን ውዳሴው አላጠገባቸውም። «አባይነህ ልጄ፣ ምን ነካህ? ቦይለሩስ ከየት መጣ?» ብለው በጉባኤው ፊት ጠየቁ።

«አልናገርም» አሉ አባይነህ። «ሞቋችኋል? ብሉ።»