ርኅራኄ ከመቶ

የተከበረው የፈተና ቦርድ የሰው ልጅ ኩላሊትና ጉበት ብቻ አለመሆኑን በጥልቅ ጥናት ከደረሰበት ወዲህ ሕዝቡ እፎይ ብሏል። ድሮ ሐኪም ለመሆን በሽታ ማወቅ ይበቃ ነበር፤ ኋላ ቀርነት እንዲህ ነው። አሁን ግን ሥነ ሰብና ማኅበራዊ ሳይንስ ከሙያ ፈቃዱ ፈተና ገብተው፣ ርኅራኄም እንደ ማንኛውም ቁም ነገር ከ«ሀ» እስከ «መ» ምርጫ ወጥቶለታል። የቦርዱ ሰብሳቢ አዲሱን ፈተና ሲመርቁ፣ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኛ ደግሞ እንባውን በነጥብ እንለካዋለን» ብለው ተጨበጨበላቸው።

ጎበዙ የዚህ ዘመን ፍሬ ነው። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶች ናቸው፤ ፈተና ወድቆ አያውቅማ። የሕክምናውን ክፍል አምና እንደ ውኃ ጠጥቶታል። የቀረው ርኅራኄ ነበር፤ እሱንም በሩን ዘግቶ፣ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ተያይዞታል።

ያስቸገሩት እናቱ ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬም ስነሳ አዞረኝ። ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት» አሉት በሩን ገፋ አድርገው።

«እማዬ፣ በናትሽ። ‹ታማሚን በትዕግሥት ማዳመጥ› የሚለው ምዕራፍ ላይ ነኝ።»

«አንድ አፍታ ብታየኝ...»

«ይኸው፣ ሐሳቤን በተንሽው።»

እናት ልጃቸው አዛኝ እንዲሆንላቸው ስለሚመኙ በሩን ቀስ ብለው ዘጉለት።

የተግባር ፈተናው ሲደርስ፣ ጥበቡ ሰፊ በጀቱ ጠባብ የሆነው ቦርድ «እያንዳንዱ ተፈታኝ የሚያዝንለትን ሰው ከቤቱ ይዞ ይምጣ» ሲል አስታወቀ። ጎበዙ ዙሪያውን ቢያይ ከእናቱ ሌላ ጊዜ ያለው ሰው አጣ። እሳቸውም ደህና ቀሚሳቸውን ለብሰው ተከተሉት።

«ሆዴን ይቆርጠኛል በይ፤ እሱን ነው ያጠናሁት» አላቸው መንገድ ላይ። «ብዙ እንዳታወሪ ደግሞ።»

ፈታኟ ጥግ ላይ እስክሪብቶዋን ይዛ ተቀምጣለች። ጎበዙ ወንበሩን ወደ እናቱ አስጠጋ፤ መጠጋት ነጥብ አለው። ጎንበስ አለ፤ መጎንበስም አለው።

«እንደምን አደሩ፣ እናቴ? ምን ይሰማዎታል?»

እናት ዞር ብለው ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለጉ። «ሆዴን...» ብለው ጀመሩና፣ የልጃቸው ዐይን እውነትም እሳቸውን እያየ መሆኑን ሲያስተውሉ የታዘዙትን ረሱት። «ጠዋት ጠዋት ያዞረኛል። አንድ ቀን ወድቄ የምቀር ይመስለኛል። እፈራለሁ።»

ጎበዙ እጃቸውን ያዘ። «ቢፈሩ አይፈረድብዎትም። ቤት ውስጥ ይህን የሚነግሩት ሰው የለም?»

«ልጅ አለኝ። ግን ያጠናል።»

«አይዞዎት። ሰሚ ማጣት ከሕመሙ ይብሳል» አለ፣ መጽሐፉ እንደሚያዘው ራሱን እየነቀነቀ።

የፈታኟ ዐይን እንባ አቀረረ። ሙሉ ነጥብ ሰጥታው ስታበቃ፣ «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ታድላለች» አለች። እናት ዐይናቸውን እየጠረጉ «አሜን» አሉ።

ደጅ ሲወጡ ጎበዙ በስልኩ ለጓደኞቹ እያበሰረ ከፊት ከፊት ይራመዳል።

«ልጄ፣ ታዲያ ለማዞሩ ምን አልከኝ?»

«እማዬ፣ ማከም ሌላ ፈተና ነው። እሱን አምና አልፌዋለሁ።»

እናት ከኋላ ተከተሉት። «የሚቀጥለው ፈተናህስ መቼ ነው?»

«ከእንግዲህማ የለም። ፈቃዴን አገኘሁ፤ ሐኪም ሆንኩልሽ።»

«ወይ ጉዴ» አሉ እናት፣ የአጥሩን ብረት ይዘው እየቆሙ። «እኔ ደግሞ የጉልበቴን ሕመም ለሚቀጥለው ብዬ አስቀምጬው ነበር።»