አመድማ ጋውን የለበሰች ሰላም

እንደ ሰላም ማኅበር አባል ጠበኛ ሰው የለም! ካላመናችሁኝ ኢስሊ የምንሰበሰብበት አዳራሽ ደጃፍ ቆማችሁ ስሙን።

ናይሮቢ ያለን ሐበሾች ነን። ጴንጤው አለ፣ ሙስሊሙ አለ፣ የትናንቱ ወታደር አለ፣ ከእሱ ሸሽቶ የመጣውም አለ። ዌስትላንድስ ለሚደረግ የሰላም ጉዞ ተጋበዝን። አዘጋጆቹ የጠየቁን፣ ስማችን የተጻፈበት ጨርቅና አንድ ዓይነት ልብስ። ያለዚያ አንሰለፍም! ጨርቁን ከፊት የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። እስቲ አስቡት… እዚህ አገር ከፊት ቆሜ የማውቀው ውኃ ወረፋ ላይ ብቻ ነው!

ማኅበራችን ግን ገና የራሱ ስም አልወጣለትም፤ በስሙ ስንነታረክ ጨርቁ ባዶውን ቀረ። "ልብሱን እንኳን እንምረጥ!" ብዬ ጮህኩ። ቀይ ስንል፣ "ደርግን ልትመልሱብን ነው?" ቡናማ ስንል፣ "ለጅማ አደላችሁ!" ነጭ ስንል የድሮው ወታደር፣ ሊቀመንበራችን ጋሽ ታደሰ ብድግ አሉ። "እጅ ሰጠን እንዴ?"

የጨርቅ ነጋዴው አብዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ማንም 'የእኔ ነው' የማይለው ቀለም ሱቄ አለ። አመድማ ጋውን።"

"አልሸጥ ያለህን ነው የምታለብሰን?" አልኩት።

"ሰብልዬ፣ ለሰላም እኮ ነው!"

ማንም ስላልወደደው በሙሉ ድምፅ አለፈ።

በጉዞው ቀን ዌስትላንድስ ላይ ማታቱ ከሚሉት ሚኒባስ ወረድን። ጋሽ ታደሰ ልማድ ሆኖባቸው በሁለት ረድፍ አሰለፉንና "ግራ! ቀኝ!" ጀመሩ። ይኼኔ የመንገድ ዳር ነጋዴው ሁሉ "አስካሪ! አስካሪ!" እያለ ዕቃውን አፍሶ እግሬ አውጪኝ! ለካ አስካሪ የሚሏቸው፣ እነሱን የሚያባርሩት የከተማው ዘበኞች ጋውንም አመድማ ነው… የሰላም ጉዟችን ገና ሳይጀመር ሰፈር አሸበረ!

አንዲት ቲማቲም ሻጭ ግን መሮጥ አቃታት። ቲማቲሟ ማታቱ ሥር ተንከባለለ። ወታደሩም፣ ሸሽቶት የመጣውም፣ አብዱም፣ ሁላችንም አስፋልት ላይ ተንበርክከን ለቀማ! ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አፈጠጠችብን።

"ኒኚ ኒ ናኒ?" አለች በስዋሂሊ፤ "እናንተ ማናችሁ?" ማለቷ ነው።

ስንት ስብሰባ የበላውን ጥያቄ እሷ በአንድ ትንፋሽ ጠየቀችን። እኛም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ድምፅ መለስን፦

"ሲሲ ሲዮ ዋዎ! እኛ እነሱ አይደለንም!"

ስም ተገኘ! ጨርቁን አስፋልቱ ላይ ዘረጋሁና ከቦርሳዬ የከንፈር ቀለሜን መዥረጥ አደረግሁ።

"እህት ሰብለ፣ ትቀቢያለሽ እንዴ?" አሉ ጋሽ ታደሰ ደንግጠው።

"ለሰላም እኮ ነው!" አልኩና "እኛ እነሱ አይደለንም" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ከዚያ ጨርቁን ከፍ አድርጌ ከፊት ገባሁ።

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ተከተለኝ። "ጽሑፉስ ጥሩ ነው… ግን ለምን በቀይ?"

አልዞርኩም።