ጀርባዬን ያላየው ዳኛ

«ሙታንታ ነው» አለ አባቴ። አሰልጣኜ የውድድር ልብስ ነው አለ። አባቴ መልሶ ሙታንታ ነው አለ። ክርክሩ ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት አልፎታል፤ ከሁለቱ አንዳቸውም አልደከሙም። የክርክሩ ምክንያት፣ ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ሰማያዊ ጨርቅ፣ ሱቃችን ባንኮኒ ላይ በባልዲና በመጥረጊያ መካከል ተዘርግቶ ፍርዱን ይጠባበቃል። እኔ ከፕላስቲክ ወንበሮቹ ክምር ኋላ ቆሜያለሁ። ስለ እኔ ሲወራ መደበቅ ልማዴ ነው።

አሰልጣኜ ቲቸር ፍቅሩ የስፖርት መምህር ሆኖ ከጎንደር ቡታጅራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሲከራከር በትሕትና ነው። «ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው» ይልና አባቴ ካለው ተቃራኒውን ይቀጥላል። አባቴ ደግሞ ልጄን አደባባይ ላይ ራቁቱን አላቆምም ብሎ ቆረጠ። ቢሆንም አባቴ ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ሲቆርጥም ትንሽ ክፍተት ይተዋል። በዚያች ክፍተት ስምምነት ገባ። ወልቂጤ ላይ ከሚደረገው ውድድር ሜዳሊያ ካመጣሁ ጂሙን እቀጥላለሁ። ካላመጣሁ ፈተናዬን እንደጨረስኩ መርካቶ፣ አጎቴ ከድር ሱቅ እገባለሁ፤ የብረት ማንሳት ነገርም ያበቃል። ቲቸር በብዙ ልመና «ነሐስም ቢሆን» የምትለዋን አስገባ። አባቴ በበኩሉ ለማየት እንደማይመጣ አስታወቀ። ከወንበሮቹ ኋላ ሆኜ በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ሰው ሁሉ የሰውነት ግንባታ ውድድር ላይ የሚሸነፉት በጡንቻ ማነስ ይመስለዋል። ጡንቻማ ማን ያጣል? ሲሚንቶ የሚያወርዱ ልጆች መናኸሪያውን ሞልተውታል። ሰው የሚሸነፈው መድረክ ላይ ወጥቶ በሚሠራው ነገር ነው። አንዱ ትንፋሹን አፍኖ ይቆምና ዳኞቹ ነጥቡን ትተው ለሕይወቱ መስጋት ይጀምራሉ። ሌላው ፈገግ በል ስለተባለ ብቻ ጥርስ ሊነቀልለት እንደመጣ በሽተኛ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ካልሲውን ማውለቅ ረስቶ የሚወጣም አለ። ቲቸር እነዚህን ሁሉ አስጠንቅቆኛል። ሦስት ወር ሙሉ መስታወት ፊት አቁሞ ዙር፣ ተመለስ፣ ሳቅ፣ አታብዛው እያለ አሠልጥኖኛል። ችግሩ መስታወት የማንም አባት አለመሆኑ ነው።

ወልቂጤ ደርሰን ከመድረኩ ኋላ ዘይት እንቀባባ ነበር። በእኛ ምድብ አራት ነን፤ እኔ፣ የጉብሬው ተማሪ፣ የእምድብሩ ልጅና የወልቂጤው። የእምድብሩ ልጅ ዘይቱን ቤት ረስቶታል። እናቱ ግን ለመንገድ ቆጮ ከቅቤ ጋር ቋጥራለት ኖሮ፣ ቆጮውን በልቶ ቅቤውን ተቀባ። ቅቤው ለክትፎ ተብሎ ቅመም የገባበት ነው። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ ጊዜው ቀትር ነው። እሱ መድረክ ላይ እንደወጣ ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ምሳ እንዳለ አልተነገረንም ነበር ሲሉ ሰማኋቸው።

አዎ፣ አዛውንቶች ነበሩ። በእኛ አገር ስብሰባ ያለ ሽማግሌ አይከፈትም፤ የጡንቻም ቢሆን። ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ስድስት ወንበር ተደርድሮላቸዋል። ሦስተኛው ወንበር ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አባቴ። በኋላ ሲጠየቅ ዕቃ ላመጣ ብቅ ብዬ ነው አለ። ዕቃ የሚያመጣው ከአዲስ አበባ ነው።

የፊቱን አቋቋም በደህና አሳየሁ። ክንዴን አጥፌ ቆምኩ፣ ሆዴን ሳብኩ፣ ፈገግታውንም አላበዛሁትም። ቲቸር ከጥግ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጣው ዳኛ ማይኩን አንሥቶ «ወደ ኋላ ዙሩ» አለ።

በእኛ ቤት ከአባት ፊት የሚወጣው እስከ በሩ ድረስ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው። ታናሽ እህቴ እንዲህ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ባልዲ ውስጥ ገብታለች። ታዲያ እኔ ለአባቴ፣ ያውም ከአምስት ሽማግሌ ጋር ለተቀመጠ አባቴ፣ ያውም በዚያች ጨርቅ፣ እንዴት ብዬ ጀርባዬን ልስጥ? ሦስቱ ዞሩ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ «ይቅርታ፣ ጀርባዬን ልሰጥ ነው» አልኩ። ክፍል ውስጥ አቤት ስል መምህር የማይሰማው ድምፄ ነው። ያን ጊዜ ግን ሙዚቃው ተቋርጦ ስለነበር አዳራሹን ሞላው።

ሽማግሌዎቹ ስድስቱም ከወንበራቸው ከፍ አሉና «ኧረ ምንም አይደል፣ ልጄ» አሉ። አባቴም አብሮ ከፍ ብሎ ነበር። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሐጂ የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁ። አባቴ አንድ ጣቱን ብቻ አነሣ።

አሁን የቀሩት ሦስቱ ምን ይሁኑ? ይቅርታ ሳይሉ ዞረዋል፤ ባለጌ ሊባሉ ነው። የጉብሬው ተማሪ ተመልሶ ወደ ፊት ዞረና ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ዞረ። የእምድብሩም ተከተለ። የወልቂጤው ብቻ ንቅንቅ አላለም። ዳኛው ተወዳዳሪዎች እንዳይነጋገሩ በማይኩ አሳሰበ። ሐጂ ግን ልባቸው ተነክቶ ነበርና እንዲህ ያለ ልጅ ሳይመረቅ አይታለፍም ብለው ተነሡ። ምርቃት ሲጀመር ደግሞ እጅ ይዘረጋል እንጂ ጡንቻ አይወጠርም። ሦስታችን በሙታንታ ቆመን መዳፋችንን ወደ ላይ ዘረጋን። «እደጉ» አሉ ሐጂ። አሜን አልን። ዳኛው ቀና ብሎ አየን፤ ከዚህ በላይ ወዴት ሊያድጉ ነው ሳይል አልቀረም። «ጉልበታችሁን ለክፉ አያውለው።» አሜን። ከእምድብሩ ልጅ ክርን ላይ ቅቤ ጠብ ጠብ ይላል። የወልቂጤው ጀርባውን እንደወጠረ ነው፤ አሜን ብሎም ከሆነ በጀርባው ነው።

ምርቃቱ ሲያበቃ ዳኛው ቁጥር አራት ሙሉ በሙሉ ይዙር አለ። ቁጥር አራት እኔ ነኝ። ዞርኩ፤ ግን በጎኔ ስሆን አባቴን በዓይኔ ጠርዝ አየሁትና ተመለስኩ። አራት ጊዜ ሞከርኩ። ማጠፊያው እንደዛገ በር እስከ ግማሽ እየሄድኩ ተመለስኩ።

የወልቂጤው ወርቅ ወሰደ። የጉብሬው ብር፣ የእምድብሩ ከነቅቤው ነሐስ። እኔ ከአራት ሰው አራተኛ ወጣሁ።

ሱሪዬን ሳልለብስ አባቴ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ደርሷል፤ ሐጂም ተከትለውታል። ልጁ ምን አጠፋ ሲል ጠየቀ።

«ምንም አላጠፋም፣ አባት» አለ ዳኛው። «ጀርባውን አላሳየንም እንጂ። ያላየሁትን ምን ብዬ ነጥብ ልስጠው?»

«ጀርባውንማ እኔ አውቀዋለሁ። ሕፃን ሆኖ ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ እርስዎ በዳኙት ኖሮ።»

ሐጂ ጣልቃ ገብተው ለጨዋነት የሚሰጥ ነጥብ የለም ወይ አሉ። ዳኛው ለአክብሮት ሲል ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየላቸው። የለም አለ።

አባቴ ቃል ቃል ነው አለና ስልኩን አውጥቶ አጎቴ ከድር ጋር ደወለ። መርካቶ ታየኝ። ወንበሩም ባልዲውም ያው ነው፤ ብዛቱ ብቻ ይለያል። ስልኩ መጥራት ሲጀምር ቲቸር ፍቅሩ እየሮጠ ደረሰ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ይላኩት» አለ። «ግን ሦስት ወር የለፋነው በጀርባው ነው። አንዴ አይተውት ይላኩት።»

አባቴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ አየኝ።

«ዙር» አለኝ።

«ይቅርታ አባዬ፣ ጀርባ...»

«ዙር አልኩህ።»

ዞርኩ። ሙሉ በሙሉ። ፊቴ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ‘ማጨስ ክልክል ነው’ ጋር ተፋጠጠ። ክርኖቼን አነሣሁ፣ ትከሻዬን እንደተማርኩት ዘረጋሁ፣ ትንፋሼን እንዳልያዝ የተነገረኝን ረስቼ ያዝኩ። ከኋላዬ ሐጂ ቀስ ብለው ማሻአላህ አሉ። ከስልኩ ውስጥ የአጎቴ ድምፅ «ሄሎ፣ ሸምሱ? ልጁ ምን ሆነ? ትልከዋለህ ወይስ አትልከውም?» ሲል ይሰማኛል። ከዚያ አባቴ «ለጊዜው ተወው» ብሎ ዘጋው።

ቲቸር እንዳስተማረኝ እስከ አሥር ቆጥሬ ተመለስኩ። አባቴ ስልኩን ኪሱ ከትቶ በወንበሮቹ መካከል ወደ በሩ እየሄደ ነበር። ለሐጂም፣ ለዳኛውም፣ ለእኔም ጀርባውን ሰጥቶ። ይቅርታ እንኳን አላለም።