በረሃ መሃል የተንጠለጠለ አማች

ሰው በረሃ የሚገባው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ ሊጸልይ፣ ወይ ሊሸፍት። አሜሪካኖች ሦስተኛ ጨመሩበት... ሊዋኙ!

እኛም በቀደም ከባለቤቴ ከሰላምና ከእናቷ ከእማማ አስካለ ጋር ከምንኖርበት ከግራንድ ፕሬሪ ተነስተን ለቬኬሽን በረሃ መሃል ወዳለችው ፓልም ስፕሪንግስ ወረድን። አማቴ ካገር ቤት ከመጡ ጀምሮ "ልጄ ምኑን አይታ አገባችው?" በሚል ዓይን ስለሚያጠኑኝ፣ አዋቂነቴን ላሳያቸው ቆርጫለሁ።

"እማማ፣ ይቺ ከተማ መነሻዋ ፍል ውሃ ነው። መጀመሪያ የአገሩ ነባር ሰዎች ታጠቡባት። ቀጥሎ ሳንባቸውን የታመሙ ደረቅ አየር ፍለጋ መጡ። ከዚያ የሆሊውድ አክተሮች ቤት ሠሩባት።"

"አሁንስ ማን ይመጣል?"

"እኛ!"

"አይ መውረድ!" አሉ።

እዚህ ላይ ብተወው ምን ነበረበት? አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ሆነና፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ተራራ የሚወጣው ኬብል ካር ላይ ይዣቸው ወጣሁ። ከፍታ እንደምፈራ ሰላም እንኳ አታውቅም። እናንተም እንዳትነግሯት።

ወለሉ እንደሚሽከረከር ያወቅሁት ከተነሳን በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ዙሪያውን እንዲያይ ተብሎ! እኔ የመስኮቱን ብረት ጨምድጃለሁ። ብረቱ ቆሟል፣ እግሬ ይሄዳል... ለሁለት ልከፈል ስል ብረቱን ለቅቄ ያገኘሁትን አቀፍኩ። የአማቴ ወገብ ነበር።

"በኢየሱስ ስም!" ብለው ጮኹ። ፈረንጆቹ ቪዲዮ ያነሳሉ።

"ኦኬ ነህ?" አለች ሰላም።

"ኦኬ ነኝ" አልኩ፣ ከእናቷ ነጠላ ውስጥ።

ላይ ስንደርስ እማማ ጥዱንና ነፋሻውን አየር ወደዱት። እኔ ሠራተኛውን "በእግር መውረጃ የለም?" አልኩት።

"አለ። ስንቅ ይዘሃል?"

በዚያው ኬብል ካር ስንመለስ እማማ እጄን ያዙኝ። "ዓይንህን ጨፍን፣ ልጄ። እኔ እያየሁ እነግርሃለሁ።" ልጄ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። ሆዴ ባባና ጨፈንኩ። እሳቸውም ቃላቸውን ጠበቁ።

"አሁን ገደሉ ላይ ነን... ኧረ ታቹ አይታይም!... ገመዱ ደግሞ እንዴት ቀጭን ነው፣ በሞትኩት!"

ቤታችን ተመልሰን እሁድ ፋርመርስ ብራንች ያለው ቸርቻችን ስንሄድ እማማ ምክንያቱን ሳያብራሩ "ለአማቼ ይጸለይለት" ብለው ወደ ፊት አወጡኝ። ፓስተራችን እጃቸውን ጭነው፣

"ጌታ ከከፍታ ወደ ከፍታ ያውጣህ!" አሉ።

ጉባኤው በአንድ ድምፅ "አሜን!" አለ። እኔ ብቻ የእማማን ነጠላ ጨምድጄ ያዝኩ።