ዱላዎቹ ተዛብተዋል

[ጠባብ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገኛ ሱቅ። ሁሉን ዐውቃለሁ ስለሚል «ፕሮፌሰር» የሚሉት ጠጋኝ ጥቁር መነጽር አድርጎ አንድ የደም ግፊት መለኪያ ላይ አጎንብሷል። የሚስቱ ወንድም፣ ነገር ቶሎ ስለማይገባው «ቀስ በቀስ» የሚሉት፣ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ፕሮፌሰር፦ መስታወቱ ጥቁር ነው አልኩህ!

ቀስ በቀስ፦ እኔ ግን ቁጥር ይታየኛል።

ፕሮፌሰር፦ የምን ቁጥር? ድፍን ከሰል ነው እኮ!

ቀስ በቀስ፦ ዜሮ ይላል። አጠገቧ ልብ የምትመስል ነገርም አለች።

ፕሮፌሰር፦ ልብ የሌለህስ አንተ ነህ! ጠዋት አማቴ ክንዳቸው ላይ አስረው ሲለኩ፣ ገና ከበር ሳየው ነው መሞቱን ያወቅኩት። ወዲያው ከክንዳቸው ፈትቼ አመጣሁት።

ቀስ በቀስ፦ እማዬ እኮ «ደህና ነው፣ ተወው» ስትልህ ነበር።

ፕሮፌሰር፦ እሳቸው የዕቃ በሽታ በምን ያውቃሉ?

ቀስ በቀስ፦ ራዲዮኑንም «ደህና ነው» ብላህ ነበር። ካውያውንም። ይኸው ራዲዮኑ መናገር ትቷል፤ ካውያው ግን ጀምሯል።

ፕሮፌሰር፦ እሱን አታንሳብኝ!

ቀስ በቀስ፦ አንሳበት ብላኝ ነው። «ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ሐኪም ቤት ሳልሄድ ደህና አድርጎ ካልመለሰው ደጄን እንዳይረግጥ» ብላለች። አሁን መንገድ ላይ ናት።

ፕሮፌሰር፦ [አንገቱን እየጠረገ] ለዚህ ነው በዕውቀት የምሠራው። ስማ፤ በዚህ መስታወት ውስጥ ምን አለ?

ቀስ በቀስ፦ ዜሮ።

ፕሮፌሰር፦ ፈሳሽ ክሪስታል! ኔማቲክ ይባላል። እንደ ውሃ ይፈሳል፣ ግን እንደ ጠጣር ሥርዓት አለው። ለዐይን የማይታዩ ዱላዎች በላቸው፤ ጎን ለጎን ይተኛሉ።

ቀስ በቀስ፦ እኔና ወንድሞቼም በአንድ አልጋ እንደዚያ ነበር የምንተኛው። አንዱ ከዞረ ሁሉም ይዞራል።

ፕሮፌሰር፦ አዎ፣ እንደዚያ! ኤሌክትሪክ ሲመጣስ?

ቀስ በቀስ፦ ቆጣሪው ይቆጥራል።

ፕሮፌሰር፦ ይነሳሉ እንጂ! ዱላዋ ከወርዷ ይልቅ በቁመቷ ለኤሌክትሪክ ትታዘዛለች፤ ወደ እሱ ዞራ ቀጥ ትላለች።

ቀስ በቀስ፦ አንተ እማዬ ስትገባ እንደምትነሳው።

ፕሮፌሰር፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] ከፊትና ከኋላ ደግሞ ስስ ላስቲክ ተለጥፏል። እንደ መስኮት ብረት ቁጠረው፤ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የተኙት ዱላዎች ብርሃኑን ጠምዝዘው ያሳልፉታል፣ የተነሱበት ቦታ ግን ይታገዳል። ያ የጠቆረው ነው ቁጥር የሚሆንልህ።

ቀስ በቀስ፦ ሁለት ላስቲክ። ሦስተኛ ቢጨመርበትስ?

ፕሮፌሰር፦ አጋድመው ከጨመሩትማ ሁሉም ድርግም ይላል! ደግሞስ ማን ይጨምራል? እሱን የሚጨምር የጅል መጨረሻ ነው።

ቀስ በቀስ፦ እሺ። እኔ ግን አሁንም ዜሮ ይታየኛል።

ፕሮፌሰር፦ እንግዲያው ዐይንህ ታሟል።

ቀስ በቀስ፦ [ደንግጦ] ዐይኔ?

ፕሮፌሰር፦ የሌለ ነገር የሚያይ ዐይን ጤነኛ ነው? እኔን እይ፤ ትናንት ይሄን መነጽር ገዛሁ። ዓሣ አጥማጆች የሚያደርጉት ነው። የውሃውን ነጸብራቅ ይቆርጠዋል፣ ዓሣው ከታች ወለል ብሎ ይታያል።

ቀስ በቀስ፦ እዚህ ምን ዓሣ አለ?

ፕሮፌሰር፦ [የፀጉር ማድረቂያ አንስቶ] ዝም በል። ዱላዎቹ ተዛብተዋል። ሞቅ ሲላቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

[መስታወቱ ላይ ትኩስ አየር ይነፋል፤ አሁንም ይነፋል።]

ቀስ በቀስ፦ ኧረ! ኧረ ወንድሜ!

ፕሮፌሰር፦ ምን ሆንክ?

ቀስ በቀስ፦ ጠቆረ! ዜሮዋም ልቧም የሉም!

ፕሮፌሰር፦ [በደስታ] ዐይንህ ዳነ!

ቀስ በቀስ፦ እውነት?

ፕሮፌሰር፦ አሁን ገና እንደ ሰው ማየት ጀመርክ።

ቀስ በቀስ፦ እጅህ ይባረክ። እኔ እኮ በጠብታ ነበር የሚድን የሚመስለኝ።

ፕሮፌሰር፦ [ማድረቂያውን አጥፍቶ] በል ካቻቪቴውን አቀብለኝ። ሆዱን ከፍቼ ማየት አለብኝ።

ቀስ በቀስ፦ [ካቻቪቴውን ይዞ ሲመለስ ፊቱ ይከፋል] ፕሮፌሰር... አገረሸብኝ።

ፕሮፌሰር፦ ምኑ?

ቀስ በቀስ፦ የዐይኔ ነገር። ዕቃው ቀዝቀዝ ሲል ዜሮዋ ተመለሰች። ልቧም።

ፕሮፌሰር፦ ወይ ጣጣ! እንደገና ልንፋበት?

ቀስ በቀስ፦ የታመመው የኔ ዐይን ከሆነ ዕቃው ላይ ምን ያስነፋሃል?

ፕሮፌሰር፦ አታድርቀኝ! ላቡም ዐይኔ ውስጥ ገባ፤ እስቲ ይሄን ያዝልኝ። [መነጽሩን ሰጥቶት ዐይኑን ይጠርጋል፤ መለኪያውን ያያል፤ ከወንበሩ ይዘላል] ሠራ! ዜሮ! ልብ! ዱላዎቹ ተሰለፉ! ማን ነው ፕሮፌሰር?

ቀስ በቀስ፦ [መነጽሩን አድርጎ] ተመስገን፣ እኔም ዳንኩ! ጥቁር ነው!

ፕሮፌሰር፦ የምን ጥቁር? ይኸው ቁልጭ ብሎ!

ቀስ በቀስ፦ ድፍን ከሰል።

ፕሮፌሰር፦ ዐይን የለህም እንዴ!

ቀስ በቀስ፦ [ግራ ገብቶት አንገቱን ወደ ትከሻው ያጋድማል] ቆይ... ሳጋድም መጣች። ቀና ስል ሄደች። [መነጽሩን ያወልቃል፤ ያደርጋል፤ ያወልቃል] ፕሮፌሰር።

ፕሮፌሰር፦ ምን?

ቀስ በቀስ፦ ላስቲኩ ስንት ነው ያልከኝ?

ፕሮፌሰር፦ ሁለት። አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋ... [ዐይኑ መነጽሩ ላይ ያርፋል። ቀስ ብሎ ይቀመጣል።]

ቀስ በቀስ፦ ሦስተኛውን ዐይኑ ላይ አድርጎ የሚጨምረውን ምን ነበር ያልከው?

ፕሮፌሰር፦ [በሹክሹክታ] በእናትህ እንዳትነግራቸው!

ቀስ በቀስ፦ እናቴማ ይኸው እየመጣች ነው።

ፕሮፌሰር፦ ዱላዎቹ ተዛብተው ነበር በላቸው።

ቀስ በቀስ፦ ዱላዎቹ ምን በደሉ? በትኩስ አየርህ ተበታትነው እንኳ ሲበርዳቸው ተመልሰው ተሰለፉ። ተነሱ ሲሏቸው ይነሳሉ፣ ተኙ ሲሏቸው ይተኛሉ። ከእኔና ከአንተ ይሻላሉ።

[በሩ ይንኳኳል። የአማት ድምፅ፦ «ይሄንንም ገደለው?»]

ቀስ በቀስ፦ ኧረ ደህና ነው እማዬ! ይሠራል!

[«ምን ሆኖ ነበር?» ፕሮፌሰር ሁለት እጁን አጋጥሞ ይለምነዋል።]

ቀስ በቀስ፦ ዐይን ታሞ ነበር!

[«የማን?»]

ቀስ በቀስ፦ የኔ ነው ሲባል ነበር እማዬ፤ ኋላ ተላላፊ ሆኖ ተገኘ። አሁን ሁላችንም ድነናል!

[«በሉ ክፈቱ። እኔ ክንዴን ልሰር፣ ቁጥሩን ያው ፕሮፌሰሩ ያንብብልኝ።» ፕሮፌሰር ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ተደናግጦ እጁን ወደ መነጽሩ ይሰዳል።]

ቀስ በቀስ፦ [መነጽሩን ኪሱ ከቶ፣ ለስለስ ብሎ] እሱን ተወው ወንድሜ። ዓሣ ስናገኝ እሰጥሃለሁ።