በሩን ቢዘጉት ደስ ይለኛል

ብዙ ሰው በሚኖርበት ቤት ሁሉ አንድ አራሚ አይጠፋም። ወሬ ስትጀምሩ ወሬውን አይሰማም፤ ቃላችሁን ነው የሚሰማው። "ቤቴ ነደደ" ብላችሁ ብትጮሁ፣ "የሚነደው እሳቱ ነው፤ ቤትማ ይቃጠላል" ብሎ አርሟችሁ ሲያበቃ ነው ውሃ ፍለጋ የሚነሳው።

በነርሶች ማሠልጠኛው ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖሩት አራሚ ክቡር ሰዋስው ይባላሉ። ስሙን ያወጣላቸው ማደሪያው ነው። ዕድሜያቸው ገና ሃያ አንድ ዓመት ነው፤ ነገር ግን ሰውን ሁሉ "እርስዎ" ስለሚሉ እኛም ለደንቡ ያህል አንቱ እንበላቸው። የጥበቃውን ሰው "እርስዎ"፣ ሳሙና የሚበደራቸውን ተማሪ "እርስዎ"። አንድ ቀን በመስኮት የገባችውን ድመት "ይውጡ እንጂ" ሲሉ የሰማ አለ።

ይህ ሁሉ ጣጣ የወደቀው አብሯቸው በሚኖረው በረጅሙ ላይ ነው። ረጅሙ ከሩቅ የመጣ ልጅ ነው፤ የከተማውን ቋንቋ ያገኘው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። በእናቱ ቋንቋ ለሕፃኑም፣ ለሽማግሌውም፣ ለዳኛውም የሚባለው "አንተ" አንድ ነው። ሌላ የላቸውም፤ አስፈልጓቸውም አያውቅ። ስለዚህ ረጅሙ ወንዱን ሁሉ አንተ፣ ሴቷን ሁሉ አንቺ ይላል፤ ያውም ጥርሱ እስኪታይ እየሳቀ።

"ይቅርታዎን" ይላሉ ክቡር ሰዋስው ጠዋት ጠዋት፣ ከአልጋቸው ሳይነሱ። "የጽዳት ሠራተኛዋን 'እንዴት አደርሽ' አሏቸው። 'እንዴት አደሩ' ነው።"

"ደህና ነኝ ብላኛለች እኮ" ይላል ረጅሙ።

"ብለውኛል።"

ታዲያ በዚህ የማይነድ ማን አለ? አንዴ ወባ ጥሎት፣ ሲንቀጠቀጥ "ውሃ ስጠኝ" ቢላቸው፣ "ውሃ ይስጡኝ" እያሉ ነው የቀዱለት። መቅዳቱን ቀድተዋል፤ ሌሊቱንም ሳይተኙ ጨርቅ እየነከሩ ግንባሩ ላይ አድርገውለታል። ግን ረጅሙ ትኩሳቱን ረስቶት እርማቱን አልረሳውም። ጨጓራውን ልጠውት ነበር።

አንድ ቀን ያዛቸው።

"እግዜርን ስትለምን ምን ብለህ ነው የምትጠራው?" አላቸው።

"አንተ" አሉ ክቡር ሰዋስው፣ ሳያስቡት።

"እሱ ካልተቀየመ የጥበቃው ሰው ምን ቤት ነው?"

ክቡር ሰዋስው ሁለት ቀን ሙሉ ማንንም አላረሙም። ማደሪያው እንዲያ ያለ ሰላም አግኝቶ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን፣ ረጅሙ ካልሲውን እያጠበ ሳለ፣ መጡና "እግዜር ቅርብ ስለሆነ ነው" አሉት። "'አንተ' ለቅርብ ሰው ነው።"

"እኔና አንተስ? ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረን አልተቀራረብንም?"

ክቡር ሰዋስው አንገታቸውን አቀረቀሩ። "በሩን ቢዘጉት ደስ ይለኛል" አሉ። "ብርድ ገባ።"

ነገር ሲያጥራቸው ሁልጊዜ ወደዚያ በር ነው የሚሸሹት። ብርድ ኖረም አልኖረም።

እንዲህ እየተነታረኩ የመጨረሻው ዓመት ደረሰ፤ ረጅሙም ጉድ አፈላ። ዋርድ ውስጥ፣ ታካሚዎች ተደርድረው በተኙበት፣ የልምምድ መምህሩ የአንድ ሽማግሌ ቁስል ሊያጥብ ጓንት ሲያጠልቅ አየና "አንተ፣ እጅህን አልታጠብክም" አለው። ለደግ ነው ያለው። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌው ሳቁ፤ መምህሩ ደሙ ፈላ። በማግስቱ ረጅሙ በንቀት ተከሶ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ታዘዘ። ከተፈረደበት ለመጨረሻው የተግባር ፈተና አይቀመጥም፤ ዓመቱ ይቃጠላል። ከመንደሩ ነርስ ለመሆን የመጣ የመጀመሪያው ልጅ እሱ ነው፤ እናቱ ከወዲሁ ለሰው ሁሉ አውርታለች።

ምስክሩ ማን ይሁን? ዋርዱ ውስጥ አጠገቡ ቆመው የነበሩት ክቡር ሰዋስው ናቸዋ። ረጅሙ ይህን ሲሰማ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተ። የሦስት ዓመት ጥፋቱን በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ መነጽሯን ወደ ግንባሯ የሰቀለች ሴት ነበረች። "ተማሪው መምህሩን 'አንተ' ብሏል?" ብላ ጠየቀች።

"ብለዋል" አሉ ክቡር ሰዋስው።

"እነማን?"

"ተከሳሹ።"

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውርዳ አየቻቸው። ክቡር ሰዋስው ቀጠሉ። "በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔንም በቀን ሃያ ጊዜ ይሉኛል። የጽዳት ሠራተኛዋንም 'አንቺ' ይሏቸዋል።"

ረጅሙ ዓይኑን ጨፈነ። በቃ፣ አለቀልኝ አለ በሆዱ።

"ግን 'አንቺ' እያሉ ተነስተው ባልዲውን ይቀበሏቸዋል። በየጠዋቱ ሦስት ፎቅ ያወርዱላቸዋል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ 'እርስዎ' ስላቸው አንድ ቀን ባልዲ ልቀበላቸው ከአልጋዬ ተነስቼ አላውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ከክሱ ወዲህ ነው። አፍሬያለሁ።"

"ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው?" አለ መምህሩ። "አንተ የተጠራኸው ለምስክርነት ነው።"

"ይኸው፣ መምህር። አሁንም 'አንተ' አሉኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ይሉኛል። ንቀውኝ ነው ብዬ ከስሼዎት አላውቅም።"

ሰብሳቢዋ ወረቀቷን አገላብጣ ወደ መምህሩ ዞረች። "ለመሆኑ እጅህን ታጥበህ ነበር?" አለችው። መምህሩ ጥፍሩን አየ።

ረጅሙ ለፈተናው እንዲቀመጥ ተወሰነ። ነገር ግን በቃሉ የሚከፋ ታካሚ ስለማይጠፋ፣ እስከዚያ አንቱታን እንዲለማመድ ታዘዘ። አስጠኚው ክቡር ሰዋስው እንዲሆኑም ተጨመረበት። ረጅሙ ለአፍታ፣ ዓመቱ ቢቃጠል ይሻል ይሆን ብሎ አሰበ።

ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ ክቡር ሰዋስው ቀድመው ገቡ። ረጅሙ በሩ ላይ ቀረ። እንዴት አድርጎ እንደሚያመሰግን ጠፋው። በሰውየው ደንብ ሊሞክረው ወሰነ።

"እርስዎ" አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ። "እርስዎ ጥሩ ሰው ነህ።"

ክቡር ሰዋስው ጫማቸውን እየፈቱ ነበር። ቀና አላሉም። ጆሯቸው ቀላ።

"'ነዎት' ነው" አሉ።

"እሺ። ነዎት።"

"ምክንያቱም ግሱ ከ..." ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "በል ግባና በሩን ዝጋው። ብርድ ገባ።"

ረጅሙ እጀታውን እንደያዘ ቆመ። ይህ በር ሦስት ዓመት ሙሉ "ቢዘጉት" ሲባል የኖረ በር ነው። "ዝጋው አልከኝ?" ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዋጠው፤ ካነሳበት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ልጅ ቃሉን 'ይዝጉት' ብሎ ያርመዋል። ደስ እያለው ገባ፤ በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።